በጥርስ የታሰረ ነዶ

ጋረደው የሚባል ሰው አለ። ሱዳን፣ ቁረይሻ ወርዶ ሰሊጥ ያጨደ ሁሉ ያውቀዋል። የሐጅ እስማኤል እርሻ ወኪል ነው። ነበር፣ ማለቴ ነው። ይቺን «ነበር» ስናገር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ ለምን እዋሻለሁ! እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ቂም ከያዝኩ ግን የንስሐ አባቴም አያስጥሉኝም።

ስሜ ማስተዋል ነው። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ጠባዬን ቢያውቁት ኖሮ ሌላ ይፈልጉልኝ ነበር። የመጣሁት ከመተማ በላይ ካለች ቀበሌ ነው፤ አገሩ ሰላም ካጣ ወዲህ ግን መመለሱ ቀርቶ ክረምቱንም እዚሁ ገዳሪፍ እከርማለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቅምት በጠባ ቁጥር ማጭዴን ይዤ ጋረደው ካምፕ ገብቻለሁ። «ጋሼ» ነበር የምለው። «እርስዎ» ነበር የምለው። አፈር በበላሁ!

ባለፈው ጥር የማሽላ መውቂያው ማሽን አገዳ ጎርሶ ቆመ። ሞተሩ ይንጫጫል፣ ውስጡ አይዞርም። «ይጥፋና ላውጣው» አልኩ። ጋረደው ጥላ ሥር ተቀምጦ «ከጠፋ በስንት መከራ ነው የሚነሣው! እጅሽን ሰደድ አርጊና ጎትቺው» አለኝ። ጎተትኩት። ማሽኑም ጎተተኝ። ቀኝ እጄ ከአንጓው በላይ እዚያው ቀረ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አንድ ቀን መጣ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ። «አይዞሽ፣ ሲሻልሽ ቦታሽ ቦታሽ ነው» አለኝ። አመንኩት። የማላምንበት ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱም የእሱን ምሥጢር ይዤለታለሁ።

ምሥጢሩ ይህ ነው። የጋረደው ግራ እጅ አይሠራም። ድሮ ወታደር ሳለ ጥይት መትቶት ጣቶቹ አውራ ጣቱን ጭምር ይዘው ወደ መዳፉ ተጣጥፈው ደርቀዋል። ማንም አያውቅም። ሰፊ ጀላቢያ ይለብሳል፤ ግራ እጁ ከኪሱ አይወጣም፤ በቀኙ ዱላ ይይዛል፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው። ሰው ኩራት ይመስለዋል። እኔ ግን የዛሬ ሦስት ዓመት የውሃ በርሜሉ ጋ ሲታጠብ ድንገት ደርሼ አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ማስተዋል፣ ሐጁ ይህን ካየ እንጀራዬ ተዘጋ» አለኝ። «ምን አየሁና?» ብዬ ባልዲዬን ሞልቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ ልጅ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ክረምቱን ሄርመላ ቤት ከረምኩ። ሄርመላ የካምፕ ጓደኛዬ ናት፤ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድማታል። እሷ ግቢ ውስጥ ነው ነዶ ማሰር እንደገና የተማርኩት። ማጨዱ አልከበደኝም፤ አገዳውን በጉማጅ ክንዴ አቅፌ በግራ እጄ እቆርጠዋለሁ። ማሰሩ ነው ጉዱ! ሰሊጥ ክፉ እህል ነው። ሲታሰር ከላላ ቆሞ አይደርቅም፤ ከጠበቀ ውስጡ ይሻግታል፤ እያሰሩ ካንገጫገጩት ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ሁለት እጅ ያለው ሰው ልጡን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ጫፉን ይሸጉጥና አበቃ። እኔ ግን አገዳ እያሰርኩ እየፈታሁ የራሴን መላ አገኘሁ። ዕቅፉን በጉልበቴ እጫነዋለሁ፤ ልጡን በግራ እጄ ከሥሩ አሳልፈዋለሁ፤ ጫፉን በጥርሴ ነክሼ ወደ ግራ እጠመዝዝና በአውራ ጣቴ እሸጉጠዋለሁ። ድዴ እስኪደማ ሞከርኩ። ሄርመላ «ወላሂ አንቺ ሴትዮ አብደሻል፣ ኻላስ ተይው በቃ!» ትለኛለች። «አንቺ ዝም ብለሽ አገዳ አምጪ» እላታለሁ። ነሐሴ ሲያልቅ ነዶዬ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጥቅምት ላይ ካምፕ ገባሁ። ጋረደው ክንዴን አየ፤ ምንም ሳይል ወደ ምሥራቅ ዳር፣ ግራሩ ካለበት በኩል መደበኝ። ዘጠኝ ቀን አጨድኩ፣ አሰርኩ፣ አቆምኩ። ነዶዎቹን ደጋግፈን የምናቆምበትን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን፤ ፍሬው እንዳይፈስስ ራሱ ወደ ሰማይ ሆኖ እዚያ ይደርቃል። የእኔም ነዶ እንደ ሰው ሁሉ ነዶ ሂላ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በዘጠነኛው ቀን ሐጅ እስማኤል በመኪናው መጥቶ እርሻውን ዞረ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለአፍታ አየኝና አለፈ።

በነጋታው ሰው ሁሉ ለሥራ ተሰልፎ ሳለ ጋረደው በዱላው አመለከተኝ።

«አንቺ ወደ ዳር ውጪ።»

ወጣሁ። ሌላ ሥራ ሊሰጠኝ መስሎኝ!

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም። እጅ የሌለው ሰው ሰሊጥ ያረግፋል። ደግሞ በጠዋቱ ጎዶሎ ማየት ለእርሻውም ገዱ አያምርም» አለኝ፣ በአርባ ሰው ፊት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእሱ ተራም ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ያሰርኩት ነዶስ?»

«የትኛው ነዶ?» አለ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «አዝነንልሽ ከእኛ ጋር እህል ቀመስሽ እንጂ አንቺ መቼ ሠራሽ? በየትኛው እጅሽ?»

ያቺ የታጠፈች እጁ ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ሆና ታየችኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን እንዲያው ብናገር ምን ይላል? «የተባረረች ሴት ወሬ» ይላል፤ አርባውም ሰው እሱን ነው የሚያምነው። ዋጥኳት። ጊዜዋ እስኪደርስ ትቀመጥ ብዬ ማጭዴን አንሥቼ ወጣሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ «እርስዎ» ብዬው አላውቅም።

መክተብ አልአመል የሚሉት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ነው። ሄርመላን «ነይ አስተርጉሚልኝ» አልኳት።

«እኔ የለሁበትም! ነገ እኔንም ያባርረኛል።»

«ምስክር ሁኚ አላልኩሽም። አስተርጓሚ ምስክር አይደለም።»

«ወላሂ አንቺ ሰው ታስገድያለሽ!» እያለች መጣች። እሷ ባትሆን ኖሮ በተሰባበረ ዐረብኛዬ የት እደርስ ነበር?

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀለ የሌላ መሥሪያ ቤት ፋይል ግድግዳውን ሞልቶታል። ተቆጣጣሪው ሙሐመድኑር ይባላል፤ መነጽሩ በሽቦ የታሰረ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ክንዴን አየ እንጂ አላፈጠጠበትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

«እኔ ለመሆኑ መብት አለኝ?» አልኩት። «ሐበሻ ነኝ፣ የተፈረመ ውል የለኝም።»

«የመኖሪያ ወረቀትሽ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው» አለ። «እዚህ የሚጠየቀው ሥራሽ ነው። ሥራውን መሥራት የሚችል ሰው አካሉ ስለጎደለ ብቻ አይባረርም። በሥራ ላይ ለጎደለማ ጭራሽ! ግን መሥራትሽን ማሳየት አለብሽ። ምስክር አለሽ?»

ሄርመላ አንገቷን ደፋች። አርባ ሰው አየኝ፤ ከአርባው አንድ የሚናገር የለም። የሚናገረውን ሰው የሚቀጥለው ዓመት ጋረደው አይመርጠውማ።

«እሱን ጥራውና ጠይቀው» አልኩ።

ጋረደው በሦስተኛው ቀን መጣ። ሽቶ ተቀብቶ፣ ግራ እጁ እንደ ወትሮው ኪሱ ውስጥ። ለሙሐመድኑር በአክብሮት «ያ ኡስታዝ» እያለ እየሳቀ ተረከለት። ምስኪን ናት አለ። አምና ተጎዳች፣ ዘንድሮ አዝነን አስጠጋናት አለ። ካምፕ ውስጥ በልታ ከማደር በቀር አንድ አገዳ አልቆረጠችም አለ።

«አንድም ነዶ አላሰረችም?» አለ ሙሐመድኑር።

«አንድም! እስኪ እያት፣ ጌታዬ፣ በምኗ ታስራለች?»

«ልጻፈው?»

«ጻፈው!»

ሙሐመድኑር ጻፈ። ጋረደውም ፈረመበት፣ በቀኝ እጁ። ሲወጣ እንደ ዕቃ ቃኘኝ። እኔ ጸጥ አልኩ። ሄርመላ «ምነው ዝም አልሽ? አንቺ ዝም ትያለሽ እንዴ?» ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁና ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

«ኡስታዝ፣ ምስክሬ ሜዳ ላይ ቆሟል።»

ነገርኩት። የሌላው ሰው ቋጠሮ ሁሉ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ነው፤ የእኔ ወደ ግራ ነው። በዚያ ላይ ልጡ ላይ ጥርሴ አለ። ፍንጭት ነኝ እኮ! በልጅነቴ የተዘፈነልኝ ፍንጭቴ እያንዳንዱ ነዶ ላይ ታትሟል። ሙሐመድኑር መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ንቆኝ አይደለም፣ ነገሩ ጥሞት ነው።

«የሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን፤ አሁን መኪናችን ነዳጅ የለውም» አለ።

«ኡስታዝ፣ ሰኞ ማራገፍ ይጀምራሉ። ከተራገፈ ልጡ ተፈትቶ እሳት ይበላዋል። ሰኞ ካለፈ እኔ ያልሠራሁ ለማኝ ነኝ።»

ከንፈሩን መጠጠና ወደ ሌላ ፋይሉ ዞረ። እኔም ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሙስን ዋልኩበት። ዓርብ ቢሮው ዝግ ነው፤ ዝግ በር ላይ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሲያየኝ «አሁንም አንቺ?» አለ። «አሁንም እኔ» አልኩት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ወደ ቁረይሻ ውሃ የሚያመላልስ ታንከር ነበር፤ ሾፌሩን አናገረና ሾፌሩ፣ እሱና እኔ ጋቢናው ውስጥ ተጠቅጥቀን ሄድን። መንግሥት በውሃ ታንከር ሲመጣልኝ ያን ቀን አየሁ!

ስንደርስ ሐጅ እስማኤል እዚያው ነው። ለሰኞው ማራገፍ ሸራ አስዘርግቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጋረደው አጠገቡ ቆሟል። ከታንከሩ ስወርድ ሲያየኝ ፊሽካውን ጨበጠ። ሠራተኛው ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ተሰበሰበ።

ሙሐመድኑር ሰላምታ ሰጥቶ ወረቀቱን አወጣ። «ይህች ሴት አንድም ነዶ አላሰረችም ብለህ ፈርመሃል» አለ ለጋረደው።

«አዎ ፈርሜያለሁ።»

«ያላችሁ ነዶ ሁሉ ታዲያ በሌሎቹ የታሰረ ነው?»

«በሌሎቹ ነው እንጂ!»

ግራሩ ወዳለበት ሂላ ወሰድኩት። የመጀመሪያው ነዶ፣ ወደ ቀኝ። ሁለተኛው ወደ ቀኝ። ቀይሮት ይሆን? ሦስተኛው ወደ ግራ! አራተኛው ወደ ግራ! ሙሐመድኑር ጎንበስ ብሎ ልጡን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ እርጥብ ልጥ አስመጣና «ንከሺ» አለኝ። ነከስኩለት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ ፀሐይ አነሣቸው። ሁለት ጥርስ፣ መሐሉ ባዶ፣ ሁለት ጥርስ። ሐጅ እስማኤልም ተነሥቶ መጣ፣ አየ። ሠራተኞቹም እየተጋፉ አዩ። ያ የሳቀብኝ ሰውዬ «ኧረ እውነትም የማስተዋል ጥርስ ነው!» ብሎ ጮኸ። አሁን ገና አፍ አወጣህ?

ሙሐመድኑር ሂላ በሂላ ዞረ። በሄደበት ሁሉ ፍንጭቴ አለ።

ጋረደው ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ ግን እጁን አልሰጠም። «እሺ፣ ጥቂት አስራ ይሆናል» አለ። «ግን ታረግፋለች። ሰሊጡን መሬት ላይ ትዘራዋለች። ያባረርኳት ለዚህ ነው። ሐጁ ለኪሳራ አልቀጠራትም!»

«ፈርመህ የሰጠኸኝ ይህን አይደለም» አለ ሙሐመድኑር። «ቢሆንም እንየው።»

ዳር ላይ ዘግይቶ የተዘራ ገና ያልታጨደ ሰሊጥ ነበር፤ ራሱ መክፈት ጀምሯል። ሸራ ከሥሩ አነጠፉ። እኔ ተንበረከክኩ። በጉማጅ ክንዴ አቅፌ ቆረጥኩ፣ አስተኛሁት፣ በጉልበቴ ያዝኩት፣ ልጡን አሳለፍኩ፣ ነከስኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ ሸጎጥኩ። አንሥቼ አቆምኩት። ሙሐመድኑር ሸራው ላይ ጎንበስ አለ። የወደቀው ፍሬ እፍኝ አይሞላም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ጋረደውን አይተው ዋጡት።

«ይህ ብዙ ነው!» አለ ጋረደው። «ሁለት እጅ ያለው ሰው ይህን ያህል አይጥልም።»

ስጠብቅ የነበረው ይህችን ነው። ከተንበረከኩበት ተነሣሁ። ጉልበቴን አራገፍኩ።

«እንግዲያው አንተ እሰርና አሳየን» አልኩት። «አንተ ሁለት እጅ አለህ አይደል?»

«አንተ» ስለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋረደው አየኝ። ያየኝ አስተያየት የውሃ በርሜሉ ጋ የነበረው ነው፤ ያው አመድ ፊት። ዓይኑ ይለምነኛል። ሦስት ዓመት የደበቅሁለትን እንድደብቅለት አሁንም ይለምነኛል! የታባቱ! አርባ ሰው ፊት ሲያወጣኝ የእኔ ዓይን ምን ይለው ነበር?

«እኔ ወኪል ነኝ፤ አጫጅ አይደለሁም» አለ።

«ሥራውን የማያውቅ ወኪል ነው እንዴ ያለኝ? እሰርና ይለቅ» አለ ሐጅ እስማኤል ሻዩን እያማሰለ።

ጋረደው ዱላውን ጣለ። በቀኝ እጁ አገዳውን ቆረጠ፤ ተበተነበት። ሰበሰበ፣ በክርኑ ሊይዝ ሞከረ፣ ልጡ አምልጦት ወደቀ። ከኪሱ ሳያወጣ ሊጨርስ ነው የፈለገው። አልተቻለም። ያን ጊዜ ያቺ ግራ እጅ ወጣች። የደረቁ ጣቶች፣ የታጠፈ አውራ ጣት። ነዶውን ገፋች እንጂ አልያዘችውም። ነዶው ተገለበጠ፤ ሰሊጡ ሸራው ላይ ዝናብ ሆኖ ወረደ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ውስጤ ሳቀ፤ አንጀቴ ራሰ። እሰይ አልኩ በሆዴ፣ እሰይ! እሰይ!

ሐጅ እስማኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሙዓቅ፣ አካለ ጎዶሎ ሰው ነበር እርሻዬን የሚመራልኝ?» አለ። «ደብቀኸኛል። ቁልፉን አምጣ። ኻላስ፣ ጨርሰናል።»

ጋረደው የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠው። ፊሽካውንም ሊያወልቅ ሲል ክሩ ጆሮው ላይ ተጠላልፎበት ቆየ። ለማውለቅ ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር።

ሙሐመድኑር በእኔ ጉዳይ ጻፈ፤ ነገ ጠዋት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች አለ። ሐጅ እስማኤልም አስፈራሚው መንግሥት ስለሆነ ፈረመ። ከዚያ ኡስታዙ ብዕሩን ሳይከድን «ሐጅ፣ አሁን ለሷ የጻፍኩት ለሱም ይሠራል። ከመጣ እሰማዋለሁ» አለው። ሐጅ እስማኤል እንደ ዝንብ እጁን አወዛወዘ።

ሥራዬ ገባሁ። ሁለት ቀን እንደ ንግሥት አጨድኩ።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ ራኩባ የምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ጋረደው መጣ። ጀላቢያው አቧራ ለብሷል። ግራ እጁ ከኪሱ ውጪ ናት፤ ከእንግዲህ ከማን ይደብቃታል? ሴቶቹ ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም።

«ቢሮው የት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ» አለ። «ኡስታዙ ተቆጣጣሪ ራሱ ምስክር አይሆንም፣ ምስክር አምጣ አለኝ። ማንም አልመጣልኝም።»

«ወይ ጉድ! አርባ ሰው ሰምቶ?»

«አርባ ሰው ሰምቶ» አለ። ቁጭ አለ፣ መሬት ላይ። «ማስተዋል፣ አንቺን አስወጣት ያለኝ ሐጁ ነው። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ስመለስ እንዳላያት አለኝ።»

«አንተስ እሺ አልክ?»

የደረቁ ጣቶቹን በቀኙ ሸፈነ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የሰው እጅ ማየት ከጀመረ የኔንም ያያል ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

ስለዚህ የእኔን አሳልፎ ሰጠው፣ የራሱን ሊደብቅ! ሳዝንለት የጠበቃችሁ ካላችሁ አትጠብቁ፤ አላዘንኩለትም። ይልቅ አዲስ ንዴት ነው የመጣብኝ፣ አሁን ደግሞ በሐጁ። ለካ ዋናው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ እኔም የሱን ሥራ በገዛ እጄ ሠራሁለት፣ ጋረደውን አጋልጬ ሰጠሁት። ለዚህ ደግሞ ይከፍሉኛል፤ ሁለቱም።

«እመሰክርልሃለሁ» አልኩት። «ግን መጀመሪያ እዚህ፣ በነዚህ ሴቶች ፊት ቁመህ የዋሸኸውን ትናገራለህ።»

ቆመ። ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማስተዋል ዘጠኝ ቀን አጭዳለች፣ አስራለች። ዋሽቼ ነው» አለ። ሄርመላ እልልታዋን ያን ጊዜ አወጣቻት፤ ከቅዳሜ ጀምራ ይዛት ነበር።

ማግስቱን ከሄርመላ ጋር ገዳሪፍ ወረድን። ሙሐመድኑር እኔንና ጋረደውን አንድ ላይ ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ጋረደው ቃሉን መስጠት ጀመረና ተንተባተበ። «ሐጁ ተናደደብኝና...» አለ። አቋረጥኩት።

«እንዲህ በል፤ ሥራውን መሥራት እየቻልኩ ስለ እጄ ብቻ አባረሩኝ።»

ወረቀቱን አየ።

«በል እንጂ! ምን ጎረበጠህ? ቃሉ የኔ ነው፤ አውስሃለሁ።»

«ሥራውን መሥራት እየቻልኩ ስለ እጄ ብቻ አባረሩኝ» አለ። ሙሐመድኑር ጻፈው። ድጋሚ አስነበብኩት። ሦስተኛም አስነበብኩት፤ ሦስተኛውን ሄርመላም «ኧረ በቃው!» አለች። አልበቃኝም ነበር።

ከከሳሽ ፊርማ ሥር የግራ አውራ ጣት ይፈለጋል አለ ኡስታዙ። ጋረደው እጁን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ተደብቋል፤ በቀኙ ሊያወጣው ቢሞክር ተንሸራተተበት። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩ። በአንዲት እጄ ያን ጣት ከተደበቀበት ጎትቼ አወጣሁት፣ የማኅተም ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጫንኩት።

«አመመህ?» አልኩት።

«አመመኝ።»

«ምስክሯን ጻፍ» አልኩት ኡስታዙን፣ ጣቱን ሳልለቅ። «ማስተዋል በል። የሐጅ እስማኤል እርሻ ሠራተኛ።»